እኔን ሳልል የቆየሁባት ግማሽ ደቂቃ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ እግሬን ላሳርፍ ብዬ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ቁርስ ቤት ገባሁ። ሻይ አዝዤ ቀና ስል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ጁዶ ያሳያል። ዓለም አቀፍ ሻምፒዮና ነው፤ ወንዶቹም ሴቶቹም በየክብደታቸው እየተጠሩ ይገባሉ፣ እጅ ይነሳሳሉ፣ ይያያዛሉ። አንዷ ነጭ ለብሳለች፣ አንዷ ሰማያዊ። ነጯ ሰማያዊዋን ጥላ ደረቷ ላይ ተኝታባታለች። ይሄኔ የቤቱ ባለቤት ሪሞቱን አነሳ።

"እንዴ፣ ተው!" አልኩት።

"እትዬ ዘነበች፣ ኳስ ሊጀምር እኮ ነው። ሰው ይቆጣኛል።"

"እኔ ሰው አይደለሁም? ያቺ ልጅ ተይዛለች። እስክትለቀቅ ድረስ ወይ ፍንክች!"

ዳቦ በሻይ የሚበሉ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ዞረው አዩኝና ሳቁ። ይሳቁ። ሰዓቱ ሃያ ሰከንድ ሲሞላ ነጯ ተነሳች፣ ልብሷን አስተካከለች፣ መታጠቂያዋን ጠበቅ አደረገች፤ የጣለቻትን ልጅ ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም። አንጀቷ እንዴት ቻለ እባካችሁ! አሁን ጥሎ ይዞ ለማሸነፍ ሃያ ሰከንድ ነው። በእኛ ጊዜ ሠላሳ ነበር። እነዚያ አሥር ሰከንዶች ምን ያህል እንደሚረዝሙ እኔን ጠይቁኝ።

ዓመቱን ልቁጠር ብል ይምታታብኛል። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም የሚጠጣበት፣ በስሙኒ የተገዛ ሙዝ ለሁለት ሰው ምሳ የሚሆንበት ዘመን ነበር ብል ይበቃል። ወንዶቹ እግሩ ሥር መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ይለብሳሉ፤ ፀጉራቸውን አፍሮ አበጥረው አራዳ ማዕዘን ላይ ከነበረችው ሙዚቃ ቤት በር ይቆሙና ካሴት በነጻ ያዳምጣሉ። እኛ የመዘምራን ልጆች በዚያ ስናልፍ አንገታችንን ደፍተን ነው፤ ግን ማን ይዋሻል፣ የዘፈኑን ግጥም ከዘፋኙ እኩል እናውቀው ነበር። አስቴር የምትባል ጓደኛዬማ ከመዝሙር ልምምድ ስንወጣ ድምፅዋን ቀንሳ ታንጎራጉረውና "ዝም በይ፣ ይሰሙናል!" እያልኩ አፏን እይዛታለሁ። ዛሬ ያቺ ሙዚቃ ቤት የሞባይል ሽፋን መሸጫ ሆናለች። መንገዱም አስፋልት ነው፤ ያኔ ክረምት ሲገባ ሸራ ጫማችንን አውልቀን በእጃችን ይዘን ነበር የምንሻገረው። ቦታው እንዳልጠፋኝ የማውቀው ቀና ብዬ የዳሞታን ተራራ ሳይ ነው።

ጁዶን ወደ ከተማችን ወደ ሶዶ ያመጣልን ከወሎ ተመድቦ የመጣ የስፖርት መምህር ነው፤ ጋሽ ወንድሙ። ቀጭን፣ ጸጥ ያለ፣ ሲናገር ጫማውን የሚያይ ሰው ነበር። ለትምህርት ውጭ አገር ተልኮ ሳለ ተምሮት ነው የመጣው። ባዶ የነበረ የእህል መጋዘን ለመነና ተፈቀደለት፤ ዘጠኝ ወንዶችና ሁለት ሴቶች መዘገበ፤ ሴቶቹ እኔና አስቴር ነን። ምንጣፍ የለም። ጆንያ ሰበሰብንና የጤፍ ጭድና የእንሰት ቃጫ ጠቅጥቀን፣ አፉን ሰፍተን፣ ላዩ ላይ የመኪና ሸራ ወጠርንበት። ስንወድቅ አቧራው እየተነሳ አንድ ሰዓት ሙሉ ያስነጥሰናል። ልብሱን አቡጀዲ ገዝተን በድርብ አሰፋን፤ ኮሌታው ግን ሁለት ቀን ሳይቆይ ተተረተረ። ልብስ ሰፊው ሦስተኛ ጊዜ ስንሄድበት "ልጆች፣ ትለብሱታላችሁ ወይስ በሬ ትጎትቱበታላችሁ?" አለንና ተናዶ የፍራሽ ጨርቅ አራት ጊዜ አጥፎ ሰፋበት። ባለ ሰማያዊ መስመር የፍራሽ ኮሌታ። አያምርም፣ ግን አልተቀደደም።

መውደቅ ለመማር ሁለት ወር ፈጀብን፤ መጣል ለመማር ሁለት ወር። ያቃተን ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እኛ አገር ሰው ሲወድቅ ቆሞ አይታይም። ልጅም ይሁን ሽማግሌ፣ የምታውቀውም ይሁን የማታውቀው፣ መንገድ ላይ ሰውን እንቅፋት ከመታው አፍህ ሳታዘው "እኔን!" ይላል። ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው ነገር ነው። እና አስቡት፤ በዚያ መጋዘን ውስጥ አንዱ አንዱን በሙሉ ኃይሉ አንስቶ ይጥለዋል፣ ወዲያው "እኔን! እኔን ይድፋኝ!" ብሎ ያነሳዋል፣ ጀርባውን ያራግፍለታል። ተራ የሚጠብቁትም በአንድ ድምፅ "እኔን!" ይላሉ። ጋሽ ወንድሙ ፊሽካውን እየነፋ "ጨዋታው አልቆመም! ላዩ ላይ ውደቅና ያዘው!" ቢል ማን ሰምቶት። በመጨረሻ "እኔን" ያለ ሰው መጋዘኑን አምስት ጊዜ ይዞራል የሚል ሕግ አወጣ። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንዳችንም ዞርን። በሦስተኛው ቀን አስቴር ከጆንያው ጠርዝ አልፋ ሲሚንቶው ላይ ብትወድቅ ራሱ ጋሽ ወንድሙ "እኔን!" አለ። ሁላችንም ዞረን አየነው። ኮቱን አውልቆ ለአስቴር ሰጣትና ወጥቶ መሮጥ ጀመረ፤ አምስት ጊዜ፣ ፊሽካው ደረቱ ላይ እየዘለለ። ያን ቀን ሳቃችን እስከ ገበያው ተሰምቷል አሉ።

እንዲህ እያልን ሳለ አዲስ አበባ ላይ ዓለም አቀፍ የወንዶችና የሴቶች ሻምፒዮና ሊደረግ ነው፣ ከጎረቤት አገሮች ሁሉ ይመጣሉ፣ ከየክፍለ ሀገሩም ተጫዋች ይላክ የሚል ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው ሴትም ይላል። የስፖርት ጉዳይ ኃላፊያችን፣ ሁልጊዜ ቴትሮን ሱሪው እንደ ቢላ የተተኮሰ ሰውዬ፣ እኛን ለመላክ አልፈለገም። እዚያው ቆመን እየሰማነው "ሴት ልጅ እንዲህ እየተነሳች ስትፈጠፈጥ ማኅፀኗ ይዞራል። ነገ አግብተው መውለድ ቢያቅታቸው ማን ሊጠየቅ ነው?" አለ። ጋሽ ወንድሙ ያን ቀን ጫማውን አላየም። "ጌታዬ፣ ውጭ አገር ያስተማረችኝ ሴት የአራት ልጆች እናት ነበረች" አለው። ተከራከሩ፣ ተከራከሩና ኃላፊው ሲሰለቸው "እሺ፣ ይሂዱ። ከሁለቱ አንዷ አንድ ሰው እንኳ ካሸነፈች መጋዘኑ የነሱም ነው። ባዶ እጃቸውን ከመጡ ግን የሴቶቹ ነገር እዚያው ላይ አበቃ፤ ሁለተኛ እንዳልሰማ" ብሎ ደመደመ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ገበያ ላይ ቡላና ቅቤ ትሸጣለች፤ ንግግሯ አጭር ነው፣ ካወጣችው ግን አትመልሰውም። ጁዶውን አልወደደችውም። "አንድ ካሸነፍሽ ይሁን፣ ዝም እልሻለሁ። ካላሸነፍሽ ግን ቤሌ ወርደሽ አክስትሽ ሱቅ ትቀመጫለሽ" አለችኝ። ቤሌን፣ ያቺን ቆላ ያለች ትንሽ ከተማ፣ አልጠላም፤ አክስቴም መልካም ሴት ነበረች። ግን ጨውና ባትሪ ድንጋይ እየሸጥኩ ቀኑን ሙሉ ስቀመጥ ታየኝና ሰውነቴ እምቢ አለ። ሰው መጣልና መነሳት ከለመደ በኋላ እንዴት ይቀመጣል? በልቤ፣ ሳላሸንፍ ብመለስ ዘነበች አይደለሁም አልኩ።

አዲስ አበባ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አዳራሹ ውስጥ እውነተኛ ምንጣፍ ስናይ እኔና አስቴር ጫማችንን አውልቀን በእጃችን ዳሰስነው፤ አቧራ የለውም፣ ጭድ አይወጋም፣ መሬቱ ራሱ ትራስ ነው። የሌሎቹ ልብስ ጥቅጥቅ ያለ የፋብሪካ ጥጥ ነው። የእኛን የፍራሽ ኮሌታ አይተው በአገራቸው ቋንቋ ተንሾካሾኩ። አስቴር "ይሳቁ፣ ሲይዙት ይገባቸዋል" አለችኝ። እሷ ግን የመጀመሪያ ግጥሚያዋን በአንድ ደቂቃ ተሸነፈች፤ ሁለተኛ ዕድል ተሰጥቷት በዚያኛውም ተሸነፈች። ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠችና መታጠቂያዋን አፏ ውስጥ ከታ አለቀሰች። እንግዲህ መጋዘኑም፣ አስቴርም፣ ቤሌም በእኔ ላይ ቀሩ።

የመጀመሪያዋ ተጋጣሚዬ አንገቷ ወፍራም፣ ዓይኗ የሕፃን የመሰለ ልጅ ነበረች። ያኔ ሰማያዊ ልብስ የሚባል የለም፤ ሁለታችንም ነጭ ለብሰን ዳኛው እንዲለየን አንዷ ቀይ፣ አንዷ ነጭ ታጥቀን ነው። ለእኔ ቀይ ደረሰኝ። እጅ ተነሳሳንና ተያያዝን። ትገፋኛለች፣ እገፋታለሁ። አንድ ጊዜ ስትገፋ ቦታ ለቀቅኩላትና በዳሌዬ አንስቼ ወረወርኳት! በጎኗ ስለወደቀች ዳኛው ትንሽ ነጥብ ሰጠኝ። ጨዋታው አልቆመም ማለት ነው፤ ላይዋ ላይ ወድቄ ጀርባዋን መሬት አስነክቼ ሠላሳ ሰከንድ ብይዛት ድሉ የኔ ነው። ይሄን በደንብ አውቃለሁ። ልጅቷ ግን ስትወድቅ "እህ!" አለች። በቃ። "እኔን! ተጎዳሽ?" ብዬ እጇን ይዤ አነሳኋት። ትከሻዋንም አራግፌላታለሁ። ዳኛው አፉን ከፍቶ ቀረ። ልጅቷ ግራ ተጋብታ ትንሽ አየችኝ፤ ከዚያ ያነሳኋት እጅ ኮሌታዬን ያዘና እግሬ ከምንጣፉ ለቀቀ፣ የአዳራሹን ጣሪያ አየሁ። በጀርባዬ ነው የወረድኩት። ኢፖን ይሉታል፤ ሙሉ ድል፣ ለእሷ። ከላይ የተቀመጠው ሕዝብ በሳቅ ፈነዳ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ጋሽ ወንድሙ ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለ።

"ለምን አነሳሻት?" አለኝ።

"አሳዘነችኝ።"

"እናት የላትም?"

"ይኖራታል።"

"እንግዲያው ማዘኑን ለእናቷ ተዪላት። የአንቺ ሥራ መያዝ ነው። ስትጨርሺ እንደፈለግሽ እዘኚ።"

ለሁለተኛው ዕድሌ ስጠራ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። የመጣችብኝ ረጅም ናት፤ እጇ የትም ይደርሳል። ሁለት ጊዜ ልትጥለኝ ሞክራ በጭንቅ አመለጥኳት። ትንፋሼ ሲያጥር እሷም ደክሟት ኖሮ እጅጌዬን ላላ አደረገችው፤ እዚያው ላይ ገብቼ ጣልኳት። ዳኛው አሁንም ትንሽ ነጥብ አለ። ስትወድቅ ጮኸች። ያቺ ቃል ከሆዴ ተነስታ ጉሮሮዬ ደረሰች። ጥርሴን ነክሼ ላይዋ ላይ ወደቅኩባት፣ አንገቷን አቀፍኩ፣ ክንዷን ብብቴ ሥር አስገባሁ። ዳኛው እጁን ዘርግቶ መያዜን አወጀ፤ ሰዓቱ ይቆጥራል። ልጅቷ ትታገላለች፣ ታቃስታለች፣ በቋንቋዋ ጆሮዬ ሥር አንድ ነገር ትላለች። ቋንቋዋን አላውቅም፤ ልመና መሆኑ ግን አይጠፋም። ሆድ አይችለው! አፌ ሊከፈት ሲል ያንን የፍራሽ ኮሌታዬን ጎርሼ ነከስኩት። አሥር። እግሯን ልታጠልፍብኝ ትሞክራለች። አስቴር ከዳር "ያዢያት! ያዢያት!" ትላለች፤ ድምፅዋ ተሰነጣጥቋል። ሃያ። ሃያ ላይ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዛሬ ቢሆን እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። እኔ ግን ገና ነኝ። እንባዬ አንገቷ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ግን አለቃት እንደሆነ! መጋዘኑን፣ የጭዱን አቧራ፣ ያንን ፊሽካውን አንጠልጥሎ ዙሪያውን የሮጠውን ሰው አሰብኩ። ምን አባቱ፣ ክንዴ ቢቆረጥም ይቆረጥ አልኩ። ደወሉ ሲጮኽ እንኳ ቶሎ አልሰማሁትም፤ ዳኛው ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ነው። ያኔ ኮሌታውን ከአፌ አወጣሁና ልጅቷን አቅፌ "እኔን፣ እኔን፣ እኔን ይድፋኝ" ስላት ዳኛው እጅ ለመነሳሳት እንድንቆም ሁለት ጊዜ ለመነኝ። በሚቀጥለው ግጥሚያ ተሸነፍኩ፤ አልዋሽም። ይዤ የተመለስኩት አንድ ድል ብቻ ነው። የተባለውም አንድ ነበር።

ሶዶ ስመለስ እናቴ "አሸነፍሽ?" አለች፤ "አንድ" አልኩ። "ይሁን። ቤሌ ቀረ" አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። ኃላፊው ግን ከወንዶቹ አንዱ ነሐስ ይዞ ስለመጣ የእሱን እጅ ጨብጦ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ወደ እኛ ሲመጣ "እሱ ሜዳልያ አመጣ፣ እናንተስ?" አለ። "አንድ ሰው ካሸነፋችሁ ብለው ነበር" አልኩት። "እሱማ ለማበረታታት ያልኩት ነው። የጤናችሁን ነገር ነግሬያችኋለሁ፤ የእናንተን ጆንያዎች ከመጋዘኑ ውሰዱልኝ።" በማግስቱ ብንሄድ ሴቶቹ የሰፋናቸው ጆንያዎች ውጭ ተጥለዋል፤ በሩ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ወንዶቹ በሌላ ሰዓት ይገባሉ፣ እኛ አንገባም። ጋሽ ወንድሙ ሊናገር ሄዶ ወደ ሌላ አውራጃ እንደሚያዛውሩት ተነግሮት ተመለሰ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እኔና አስቴር ተያየን። እሷ ናት የተናገረችው፤ "ቃል ገብቶ ነበር" አለች። እኔም "እንግዲያው ሰው ሁሉ ይየው" አልኳት።

የገበያ ቀን ጠብቀን ጆንያዎቹን በጀርባችን ተሸክመን ኃላፊው ቢሮ ፊት ለፊት፣ ሕዝቡ በሚተላለፍበት ሜዳ ላይ አነጠፍናቸው። ያኔ ቢሮ ፊት ለፊት መሰብሰብ ቀልድ አልነበረም። ያን አቡጀዲያችንን ለብሰን እጅ ተነሳሳንና ጀመርን። ጣልኳት። ተነሳች፣ ጣለችኝ። ገበያተኛው ከቦ ቆመ። ዶሮ የያዘ አለ፣ ሸንኮራ የተሸከመ አለ፣ "ኧረ በኢየሱስ ስም፣ ምን ሆነው ነው?" የምትል አለች። ኃላፊው በመስኮት አየንና ቴትሮን ሱሪውን ለብሶ ወረደ። ሕዝቡን ሲያይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንኑ የማኅፀን ነገር ጀመረ፤ መውለድ እንደማንችል፣ መካን እንደምንሆን፣ ለእኛው አስቦ እንደከለከለን። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡልን። ሰው እያመነው ነው!

ይሄኔ እናቴ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ገባች። ቡላዋን ለጎረቤት አደራ ብላ ነው የመጣችው፤ እጇ ቅቤ በቅቤ ነው። ኃላፊውን አላናገረችውም። ነጠላዋን አውልቃ ለአስቴር ሰጠቻት፣ ሻሿን አጠበቀች፣ ጆንያው ላይ ወጥታ ፊቴ ቆመች።

"ጣዪኝ" አለችኝ።

"እማዬ!"

"ጣዪኝ አልኩሽ። ያቺን የሰው አገር ልጅ እንደጣልሻት።"

እናቱን የሚጥል ልጅ የት አገር አለ? ዓይኗን አየሁት፤ ያንን ዓይን አውቀዋለሁ፣ ከእሱ በኋላ ክርክር የለም። እጅጌዋን ያዝኩ። ከብዳኝ ነበር፤ ልቤ ከእሷ በላይ ከበደኝ። በዳሌዬ አነሳኋት፣ ቀስ ብዬም አይደለም፤ ቀስ ብል ኃላፊው ይስቅብን ነበር። ጭንቅላቷ እንዳይነካ እጅጌዋን ሳልለቅ ጆንያው ላይ ጣልኳት። አቧራው ቦለል ብሎ ተነሳ። አንዲት ሴት ጮኸች። እናቴ ሰማዩን እያየች ትንሽ ተኛች፤ እኔ በዚያች ቅጽበት ሞቼ ተነስቻለሁ። ከዚያ በክርኗ ተደግፋ ብድግ አለች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ አሁን ገና ወደ ኃላፊው ዞረች።

"ሰባት ወልጄያለሁ" አለችው፤ "ከፈለግህ ስምንተኛውን ደግሞ እወልድልሃለሁ። አንተ ለልጄ ቃል ሰጥተሃል። ቁልፉን አምጣ።"

ሴቶቹ እልል አሉ። እነዚያው ከንፈር የመጠጡት ሴቶች! ሰውዬው ዙሪያውን አየና መውጫ እንደሌለው ሲገባው እጁን ኪሱ ከተተ። ቁልፉን ለእናቴ ዘረጋላት። አልተቀበለችውም። "እኔ ምን አደርግበታለሁ? ለልጄ ስጣት" አለችው። ነጠላዋን ከአስቴር ተቀበለችና ሰዉን እየገፋች ሄደች።

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም፣ አሁን በሌለችበትም ጊዜ ጭምር፣ እናቴን እንደጣልኳት ቀን ወድጃት አላውቅም። ቁልፉን ተቀብዬ፣ ተከትዬ ልይዛት ብሮጥ ቡላዋ ጋ ደርሳ ከአንዲት ገዢ ጋር ስትከራከር አገኘኋት። "እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ በሩን ክፈቺ" አለችኝ።